አራት ላይ አትርገጡ

ዛሬ ስለ ሳልሳ ዳንስ ላጫውታችሁ ነው የመጣሁት። «ሳልሳ ደግሞ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ፤ እኔም እንደናንተው ነበርኩ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በሰፈራችን የወጣት ማዕከል በር ላይ «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሳልሳ ትምህርት፣ በነጻ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁና «በነጻ» የምትለዋ ቃል ስባ አስገባችኝ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። እሺ፣ ነበረኝ፤ አንዲት የክፍላችን ልጅ ስትገባ አይቻት ነበር። ስለ እሷ በኋላ እነግራችኋለሁ።

አስተማሪያችን ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሰው ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። በልጅነታቸው ወደ ኩባ ከተላኩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ታሪኩን ላልሰማችሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች፣ በርካቶቹ በሶማሊያ ጦርነት አባቶቻቸውን ያጡ፣ ኩባ ውስጥ «የወጣቶች ደሴት» በሚባል ስፍራ ገብተው ተምረዋል። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው የትግላችን ሐውልትም በዚያው ጦርነት ከወገኖቻችን ጋር ለወደቁት የኩባ ወታደሮች ጭምር መታሰቢያ ነው። እንግዲህ ጋሼ እዚያ አድገው፣ እዚያ ተምረው፣ ሲመለሱ ሙያቸውንም ስፓኒሹንም ዳንሱንም ይዘው መጡ።

የመጀመሪያው ቀን እንዴት እንዳበሸቀኝ! እኔ በቪዲዮ ያየሁት ልጅቷ እንደ እንዝርት ስትሽከረከር፣ ልጁ ከጀርባው እጅ ሲቀባበል ነው። ጋሼ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አስረመዱን። ወደ ፊት፣ ቦታችን፣ ወደ ኋላ፣ ቦታችን። «መራመድማ እናውቃለን እኮ!» አልኩ በሆዴ። እንደማላውቅ የገባኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያውም በሰው ትከሻ ላይ ጉዳት ካደረስኩ በኋላ።

ስሙ ከየት መጣ?

«ሳልሳ» በስፓኒሽ ስጎ ማለት ነው። ስሙ እንደሚለውም ቅልቅል ነው። ሥሩ «ሶን» የሚባለው የምሥራቅ ኩባ ሙዚቃ ሲሆን፣ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱት ሰዎች ከበሮና የስፓኞች ጊታር የተገናኙበት ነው። በኋላ ማምቦና ቻቻቻ ተጨመሩበት። ከዚያ ኒው ዮርክ ላይ የፖርቶ ሪኮና የኩባ ስደተኞች ከጃዝ ጋር አዋሐዱት። ጆኒ ፓቼኮ እ.ኤ.አ. በ1964 ከጄሪ ማሱቺ ጋር ያቋቋመው ፋንያ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት «ሳልሳ» የሚለውን ስም በዓለም ዙሪያ አሰራጨው። ታዋቂዋ ኩባዊት ዘፋኝ ሴሊያ ክሩስ እ.ኤ.አ. በ1974 ከፋንያ ሙዚቀኞች ጋር ኪንሻሳ ድረስ መጥታ ተጫውታለች። የእኛው ሙላቱ አስታጥቄም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ የላቲንን ምት ከኢትዮጵያ ዜማ ጋር አዋሕዶ ሁለት አልበም አሳትሟል። ስለዚህ «የፈረንጅ ነገር» እያላችሁ አትሽሹት። ከበሮው የአፍሪካ ነው።

አጨፋፈሩ ግን እንደየአገሩ ይለያያል። በኒው ዮርክና በሎስ አንጀለስ ጥንዶቹ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይመላለሳሉ። በኩባ ደግሞ አንዱ ሌላውን እየዞረ ክብ ይሠራል፤ ይህንን «ካሲኖ» ይሉታል። እኛ የተማርነው ይህንኑ ነው። የቁማሩ ቤት እንዳይመስላችሁ! ስሙ የመጣው ሃቫና ውስጥ ወጣቶች ይጨፍሩበት ከነበረ ክበብ ነው።

ስምንት ቁጥር፣ ስድስት እርምጃ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሳልሳ በስምንት ይቆጠራል፤ የምትረግጡት ግን ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። 1፣ 2፣ 3 ትረግጣላችሁ፣ 4 ላይ ታርፋላችሁ። 5፣ 6፣ 7 ትረግጣላችሁ፣ 8 ላይ ታርፋላችሁ። መሪው 1 ላይ ግራ እግሩን ወደ ፊት ያደርጋል፤ 2 ላይ ቀኙን ባለበት ይረግጣል፤ 3 ላይ ግራውን ወደ ቦታው ይመልሳል። 5 ላይ ቀኙን ወደ ኋላ ይወስዳል፤ 6 ላይ ግራውን ባለበት፤ 7 ላይ ቀኙን ወደ ቦታው። ተከታይዋ የመስታወት ምስሉ ናት፤ እሱ ወደ ፊት ሲል እሷ በቀኟ ወደ ኋላ ትላለች። በቃ፣ መሠረቱ ይኸው ነው። አሁኑኑ ከወንበራችሁ ተነስታችሁ ብትሞክሩት ሁለት ደቂቃ አይፈጅባችሁም።

ታዲያ ምኑ ነው የሚከብደው? አራት! ይቺ አራት ቁጥር ስንቱን ጉድ አድርጋለች መሰላችሁ። እግር ባዶ ቦታ አይወድም። ሦስቴ ከረገጠ አራተኛውን ሳይጠየቅ ይረግጣል። በተለይ የእኛ ጆሮ ያደገው ችክቸካ ላይ ስለሆነ፣ ሙዚቀኞች ስድስት ስምንተኛ የሚሉት ምት ደም ሥራችን ውስጥ ገብቷል። ሦስት ሦስቱን እየቆጠርን ሳናርፍ መሄድ ይቀናናል። የሳልሳ ምት ግን በአራት አራት የተከፈለ ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሰርግ ቤት እግር ሳልሳ ስጨፍር ነበር።

ሁለተኛው ችግር «አንድ» የምትባለውን ምት ማግኘት ነው። በብዙ ዘፈኖች አንድን ከባሱ ትሰማላችሁ አይደል? ሳልሳ ላይ ባሱን ከተከተላችሁ ጠፋችሁ። ባሱ አብዛኛውን ጊዜ 1ን ዘሎ በ2 እና በ3 መሐል፣ ከዚያም 4 ላይ ነው የሚመታው። ጋሼ «ባሱን ተዉትና ቃጭሉን ስሙ» ይሉን ነበር። ዘፈኑ ሞቅ ሲልና ተቀባዮቹ መመላለስ ሲጀምሩ ቦንጎ መቺው ከበሮውን አስቀምጦ በእንጨት የሚመታ ትልቅ ቃጭል ያነሳል። ጠንከር ያለው የቃጭሉ ድምፅ 1፣ 3፣ 5፣ 7 ላይ ይወድቃል። ኮንጋው ደግሞ 2 ላይ ጠፍ ያደርግና 4 ላይ «ዱም-ዱም» የሚሉ ሁለት ክፍት ድምፆች ያሰማል። አያችሁ? እናንተ ስታርፉ ከበሮው ይናገራል። አራት ባዶ አይደለችም ማለት ነው፤ የሌላ ሰው ተራ ናት። ይህ ሲገባኝ እግሬ መቸኮሉን ትንሽ ቀነሰ።

ከዚህ ሁሉ በታች ክላቬ አለ። ሁለት አጫጭር ጠንካራ እንጨቶች ተጋጭተው በስምንቱ ቁጥር ውስጥ አምስት ጊዜ ይመታሉ። በአንደኛው ዓይነት 1 ላይ፣ በ2 እና በ3 መሐል፣ 4 ላይ፣ ከዚያ 6 እና 7 ላይ። በሌላው ዓይነት ደግሞ ሁለቱ ምቶች ቀድመው ሦስቱ ይከተላሉ። በጭብጨባ ሞክሩት፤ ከዚያ እያጨበጨባችሁ መሠረታዊውን እርምጃ ርገጡ። መጀመሪያ ላይ እጅና እግር ይጣላሉ። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ታክሲ ስጠብቅ ጭኔን እየጠበጠብኩ ሰው ሲያየኝ ነበር።

ጉልበትና ትከሻ

እግርን መሬት ላይ ማስቀመጥና ክብደትን ማሳረፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እያንዳንዱ እርምጃ ላይ የሰውነታችሁ ክብደት በሙሉ ወደዚያ እግር መሻገር አለበት። መሻገሩን ለማወቅ ሌላኛውን እግር አንሱት፤ ሳትንገዳገዱ ከተነሳ ተሻግሯል። ካልተነሳ መሐል ላይ ቆማችኋል፣ ቀጣዩ እርምጃ ይዘገያል።

ዳሌውስ? ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ በተለይ ወንዶች እያፈሩ። ዳሌን ሆን ብላችሁ አታወዛውዙ፣ ያስቃል። ጉልበታችሁን ጎንበስ አድርጋችሁ ርገጡና ክብደቱ ሲያርፍ ቀስ ብላችሁ አቅኑት። አንዱ ጉልበት ሲቀና ሌላው ሲታጠፍ ዳሌ ራሱ ይሄዳል። እርምጃው አጭር ይሁን፤ ከአንድ ጫማ ርዝመት ባይበልጥ ይመረጣል። ዘፈኑ በደቂቃ 180 ምት ከሆነ ስምንቱ ቁጥር ከሦስት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ ረጅም የተራመደ ሰው አይደርስም። ከወገብ በላይ ደግሞ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። እኛ እስክስታ የለመድን ሰዎች ሙዚቃ ሲሞቅ ትከሻችን ቀድሞ ይነሳል። ጋሼ «ትከሻህን ለጥምቀት አስቀምጠው» እያሉ ስንቱን ተቆጡት።

ጫማም አለ። ስኒከር አድርጋችሁ አትሽከርከሩ። የጎማው ሶል ወለሉን ይይዝና እግር ሳይዞር ጉልበት ይዞራል፤ ያማል። ሶሉ ለስለስ ያለ ጫማ ይሻላል። እኔ አዲስ መግዛት ስለማልችል የታላቅ ወንድሜን ያረጀ የቆዳ ጫማ ነበር የምጠቀመው፤ አንድ ቁጥር ይሰፋኝ ስለነበር ሁለት ካልሲ እደርባለሁ።

ያቺ ልጅ

አሁን ስለ እሷ። በሦስተኛው ሳምንት ጋሼ ሲያጣምሩን አብረን ደረስን። ደስ አለኝ ማለት ያንሳል። በስምንተኛው ሳምንት ማዞር ጀመርን። በተማርነው መሠረት መሪው በ1፣ 2፣ 3 እጁን ከፍ አድርጎ ምልክት ይሰጣል፤ ተከታይዋ በ5፣ 6፣ 7 ወደ ቀኝ ትዞራለች። እኔ ምን አደረግኩ? እጇን በአውራ ጣቴ ጭምር ጨምቄ ያዝኩና፣ ወደ ላይ መንጥቄ፣ እንደ ወፍጮ እጀታ አዞርኩት። አንዴ ብቻ አይደለም፣ ከሰዓቱን በሙሉ። እሷ «ቀስ በል» አለችኝ፣ አልሰማሁም። በመጨረሻ ትከሻዋን ይዛ ቁጭ አለች። ለሁለት ሳምንት ደብተር የምትይዘው በግራ እጇ ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይቅርታ አልጠየቅኩም። ለጓደኞቼ «እሷ መዞር አትችልም፣ ደረቅ ናት» እያልኩ አወራሁ። ወሬው ደረሳት። በክፍል ውስጥ አስቆማ «ክንዴን እኮ እንደ ጉድጓድ ገመድ ነው የጎተትከው። ከአሁን በኋላ ካንተ ጋር አልጨፍርም» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ከአንድ ጎረምሳ ጋር አቆሙኝ። እሱ መሪ፣ እኔ ተከታይ። አሳሳቄ ላይ ነበርኩ፤ እስኪያዞረኝ ድረስ። ልክ እኔ እንዳደረግኩት ሲመነጥቀኝ የትከሻዬ ጅማት ጮኸ። ቀጥሎ ጋሼ ራሳቸው ያዙኝ። ሁለት ጣታቸውን ብቻ ወደ ታች ዘርግተው የእኔን ጣቶች ከላይ አስቀመጡ። እጃቸው ግንባሬ አጠገብ ከፍ አለ፣ ከአናቴ በላይ ትንሽ ክብ ሠራ፣ እኔም ሳላውቀው ዞሬ ቆሜያለሁ! ማንም አልገፋኝም። «መሪ በር ይከፍታል እንጂ ሰው አያስገባም» አሉኝ። አውራ ጣት አይጨብጥም፣ ክንድ አይጎትትም፤ ተከታይዋ በራሷ እግር ነው የምትዞረው።

ያን ሰሞን እርምጃዬን በስልኬ ቀረጽኩት። በራሴ ግምት ምት አልሳትም ነበር። ቪዲዮውን ቀስ አድርጌ ሳየው ግን ከአምስት ዙር በሦስቱ አራት ላይ ረግጫለሁ። ነገሩ ሁሉ የገባኝ ያኔ ነው። አራት ላይ ስረግጥ 5 ላይ ቀድሜ እደርሳለሁ፤ እሷ ገና እያረፈች ናት፤ እኔ ደግሞ እጄን ይዤ ወደ ዙሩ ገብቻለሁ። በዚያች ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ያለው ልዩነት የሚያርፈው ትከሻዋ ላይ ነው። እሷ አልነበረችም ደረቅ።

ሰኞ ዕለት በእረፍት ሰዓት ሄጄ፣ ያወራሁትንም ጭምር ጠቅሼ ይቅርታ ጠየቅኳት። ያወራሁላቸው ልጆች ባሉበት ነው ያልኩት፤ ከዳንሱ ይልቅ የከበደኝ ይሄ ነው። እሷ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «መጀመሪያ አራትን ማረፍ ልመድ፣ ከዚያ እናያለን» ብላኝ ሄደች።

ልምምዱ

እንግዲህ ልምምዴ ይህን ይመስል ነበር። በየቀኑ ሩብ ሰዓት፣ እራት ሳይቀርብ። ጋሼ ቅዳሜ ብቻ ሁለት ሰዓት ከመድከም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መሥራት ይበልጣል ይላሉ፤ አካል የተማረውን የሚያረጋጋው በመሐሉ ባለው እረፍትና እንቅልፍ ነውና። መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ፣ ስልኬ ላይ ባለው ምት ቆጣሪ በደቂቃ 90 ላይ አስተካክዬ፣ 4 እና 8 ላይ ድምፄን አውጥቼ «እፍፍ» እያልኩ እተነፍሳለሁ። የሚተነፍስ ሰው መርገጥ ይረሳል! እናቴ ጉንፋን የያዘኝ መስሏት ዝንጅብል አፈላችልኝ። ምቱን ወደ 100፣ ወደ 110 ከፍ የማደርገው ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሳልስት ከሄድኩ ብቻ ነው። ከሳትኩ እመለሳለሁ። ይህ መመለስ ነው አሰልቺው። ብዙ ልጆች ትተው የሄዱት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ አዲስ አዲስ እንቅስቃሴ መቃረም ስለሚያጓጓ።

ለእጄ ደግሞ የወረቀት ልምምድ ነበረኝ። ከታናሽ እህቴ ጋር መዳፋችንን ገጥመን በመሐሉ አንድ ወረቀት እናደርጋለን፤ ከዚያ ወዲያ ወዲህ እንራመዳለን። ወረቀቱ ከወደቀ እጃችሁ ሞቷል፣ ከተጨማደደ ገፍታችኋል ማለት ነው። እሷ እየሳቀች ስንቱን የደብተር ገጽ ጨረሰችው! ራሴ ስዞር እንዳይዞርብኝ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አተኩሬ አያለሁ፤ ሰውነቴ ቀድሞ ይዞራል፣ አንገቴ መጨረሻ ላይ ፈጠን ብሎ ዞሮ ዓይኔ ወደ ሰዓቱ ይመለሳል። እግሬን ማየት ግን ክልክል ነው። ወደ ታች ያየ ሰው አከርካሪው ይጎብጣል፣ አብራው ያለችውንም አያያትም።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ሳልሳ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚጨፍሩት ስለሆነ አንዳንዱ ሌላ ነገር ይመስለዋል። ጋሼ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። አብሮ ለመጨፈር ይጠየቃል፤ «አልፈልግም» ያለች ወይም ያለ ሰው ምክንያት አይጠየቅም። በመሐል ያለውን ርቀት የሚወስነው ጠበብ ማለት ያልፈለገው ሰው ነው። አንዱ ልጅ አንዲቷን ከሚገባው በላይ አስጠግቶ ሲይዛት ሙዚቃውን አጥፍተው በሩን አሳዩት።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ሌላ ቪዲዮ ቀረጽኩ። በአሥር ዙር አንዴ ብቻ ነበር የሳትኩት። ምንም ሳልናገር ስልኬን ሰጠኋት። ሁለቴ አየችው። «ቅዳሜ እንሞክር፤ ካመመኝ ግን እዚያው አቆማለሁ» አለች።

በሰኔ የትምህርት መዝጊያ ላይ ያቀረብነው ሩዌዳ ነው። እኛ ስድስት ጥንዶች ነበርን፤ ይህ ጥንዶች ክብ ሠርተው የሚጨፍሩት የካሲኖ ዓይነት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሃቫና ውስጥ ነው የተጀመረው። አንዱ ይጣራል፣ ሁሉም በአንድ ምት ይፈጽማል። «ዳሜ!» ሲባል፣ «ስጠኝ» እንደማለት ነው፣ እያንዳንዱ መሪ ወደሚቀጥለው ጥንድ ይሻገራል። «ዲሌ ኬ ኖ!» ሲባል፣ ቃል በቃል «አይሆንም በላት» ነው፣ መሪው መንገድ ከፍቶ ተከታይዋን ከቀኙ ወደ ግራው ያሳልፋታል። አንድ ሰው ግማሽ ምት ከቀደመ ክቡ ይሰበራል። አሥራ ሁለት ሰው እንዲሸሸግላችሁ አትጠብቁ።

ያን ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። አራትን አረፍኳት፣ ስምንትንም። ዙሩ ላይ እጄ ለስላሳ ነበር። ግን መሐል ላይ የአንዱን ጥሪ ሳልሰማ ቀረሁና ሁሉም ሲሻገር እኔ ብቻዬን ባዶ እጄን ቆምኩ! ድሮ ቢሆን ሮጬ የአንዷን እጅ እመነጥቅ ነበር። አሁን ባለሁበት መሠረታዊውን እየረገጥኩ ጠበቅኩ፤ 5፣ 6፣ 7፣ እረፍት። «ዳሜ!» ሲባል ክቡ ዞሮ መጣና ገባሁ። የያዝኳት እጅ የእሷ ነበር። እየሳቀች ነው።

አሁን ሁለታችንም ዩኒቨርሲቲ ገብተናል፤ ከተማችን የተለያየ ነው። ክረምት ሲመጣ የወጣት ማዕከሉ ውስጥ ለጀማሪዎች አብረን እናግዛለን። ባለፈው ክረምት አንድ ፈጣን ዘፈን ላይ አብረን ስንጨፍር ጠጋ ብላ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «ሲፈጥንብህ ዛሬም አራት ላይ ትነሳለህ።» ቤት ገብቼ ቪዲዮውን አየሁት። እውነቷን ነው።